በሩ ላይ ድመትንም ጻፉልን፦ በአውሮፓ ወይን ቤት ለከፈታችሁ ወገኖቼ ግልጽ ደብዳቤ

በአውሮፓ ከተሞች ወይን ቤት፣ ባርና ሬስቶራንት ከፍታችሁ ለምትሠሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሙሉ፤
ግልባጭ፦ ድመታቸውን ይዘው ለሚጓዙ ወገኖች

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው መስከረም፣ ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ማክሰኞ ማታ፣ የአገሬ ልጅ ከከፈተው ወይን ቤት በር ላይ ተመልሻለሁ። የከተማዋንም የቤቱንም ስም አልጠራም። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ያ ቤት የወገኔ ቤት ነው፣ እንዲቀናው እመኛለሁ። ግን ያን ማታ የተባልኩት ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በትከሻዬ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ቡሬ ነበር። ቡሬ የ11 ዓመት ድመቴ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ 5 ኪሎ ተኩል የሚመዝን። ከባቡር ከወረድን ግማሽ ሰዓት አይሆነንም። በመስኮቱ ሳይ ቤቱ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው፤ ሻማ በርቷል፤ ከባንኮኒው ጀርባ መደርደሪያው ላይ ጀበና አየሁና ልቤ ሞቅ አለው። ገብቼ በአማርኛ ሰላም አልኩ። ባለቤቱ ፈገግ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ እህቴ» እያለ ወንበር ሊስብልኝ ሲል ቦርሳውን አየ።

«ድመት ናት እንዴ?»

«አዎ። ከቦርሳው አይወጣም።»

«ይቅርታ እህቴ፣ ድመት ማስገባት አንችልም። ሕጉ አይፈቅድም። ይዘጉብናል።»

ከኋላው፣ መስኮቱ ዳር ካለው ጠረጴዛ ሥር አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ተጋድሟል። ውሃ በሳህን ቀርቦለታል። ዓይኔ ወዲያ ሲሄድ ባለቤቱም ተከትሎ አየና «እሱማ ውሻ ነው» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልነበረም። አመስግኜ ወጣሁ።

ቡሬ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በልቶ ኢንሱሊኑን መወጋት አለበት። ባቡር ጣቢያው ተመለስኩና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምግቡን ጣሳ ከፈትኩለት። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ በላ። ከዚያ በስልኬ መብራት ከአንገቱ በታች ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ አነሳሁና 2 ዩኒት ወጋሁት። እኔ ራቴን ሳልበላ አደርኩ። ይህ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሰው ስንቱን ያሳልፋል። የከነከነኝ በገዛ ቋንቋዬ፣ ከወገኔ አፍ፣ እውነት ያልሆነ ምክንያት መስማቴ ነው።

ድመት ቤቷን ነው የምትወደው፣ ምን ወይን ቤት ያስኬዳታል? የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ጤነኛ ድመት ያለው ሰው ለጥቂት ቀን ሲወጣ ለጎረቤት ቁልፍ ሰጥቶ ቢሄድ ለድመቷም ይሻላታል። እኔም ቡሬ እስኪታመም ድረስ እንደዚያ ነበር የማደርገው። የስኳር ሕመም ያለበት ድመት ግን ብዙውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወጋል። መጀመሪያ መብላቱ መታየት አለበት፤ ሳይበላ ሙሉውን መጠን ከተወጋ ስኳሩ ወርዶ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ይህን ለጎረቤት ልጅ ጥዬ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ እኔ በሄድኩበት እሱም ይሄዳል። ሆቴሎች ደግሞ እንስሳ ቢቀበሉም ብዙዎቹ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዳይተው ይከለክላሉ። ማታ ራት ልበላ ስወጣ ያለኝ ምርጫ ሁለት ነው፤ ይዤው መውጣት፣ አለዚያም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ደረቅ ዳቦ መብላት።

ከምግብ ቤት ይልቅ ወይን ቤት የምመርጠውም ለሱ ስል ነው። ወይን ቤት ውስጥ ዘይት አይንጫጫም፣ ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አይጮህም። አይብ፣ የወይራ ፍሬ፣ ዳቦ፣ በስሱ የተቆረጠ ሥጋ ይቀርባል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ቡሬ እንዲህ ባለው ቤት ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ተጠቅልሎ ይተኛል። ስለ ራሴም ልናገር፤ ከጉደርና ከአክሱማዊት በቀር ወይን ጠጅ ሳላውቅ ነው ጀርመን የገባሁት። ሪዝሊንግ የሚባለውን ነጭ ወይን እዚህ ተዋወቅሁ፣ አሁን የጉዞዬ ግማሽ ምክንያት እሱ ነው። አንድ ብርጭቆ ይዤ አንድ ሰዓት መቀመጥ በሳምንት ስድስት ቀን ሆስፒታል ለሚቆም ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው።

«ሕጉ አይፈቅድም» ወደተባለው ልመለስ። ፍራንክፈርት ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ሕጉን ፈልጎ ማንበብ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የሚሠራው የምግብ ንጽሕና ደንብ ቁጥር 852/2004 ነው። የቤት እንስሳትን የሚመለከተው ቃል በሁለተኛው አባሪ፣ በምዕራፍ 9፣ በአራተኛው ነጥብ ይገኛል። ምግብ በሚዘጋጅበት፣ በሚያዝበትና በሚከማችበት ቦታ የቤት እንስሳ እንዳይገባ የሚያደርግ አሠራር ይኑራችሁ ይላል። ማዕድ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ አይቡና ሥጋው የሚቆረጥበት ባንኮኒ ማለት ነው። እንግዳ ተቀምጦ ስለሚጠጣበት ክፍል በዚያ ነጥብ የተጻፈ ክልከላ የለም። ውሻና ድመትንም አይለይም፤ «የቤት እንስሳት» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ከባንኮኒው ጀርባ ለድመት የተከለከለው ለውሻም የተከለከለ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ለውሻ የተፈቀደውም ለድመት አልተከለከለም።

ከዚህ በላይ አገሮች የየራሳቸውን ይጨምራሉ። እዚህ ጀርመን እንስሳ ወደ መቀመጫ ክፍሉ ይግባ አይግባ የሚወስነው በቤቱ ላይ ባለው መብት ባለቤቱ ነው። ፖርቱጋል በ2018 ቁጥር 15/2018 የሚባል ሕግ አውጥታ ባለቤቱ ከፈቀደ የቤት እንስሳት ምግብና መጠጥ ቤት እንዲገቡ አድርጋለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) የሚፈቅድ ቤት በሩ ላይ ምልክት ይለጥፋል፤ በአንድ ጊዜ ስንት እንስሳ እንደሚቀበልም መወሰን ይችላል። እንስሳው እንደልቡ መዘዋወር የለበትም፣ ምግብ ወደሚቀርብበትና ለሽያጭ ወደተደረደረበት አይጠጋም። ስፔን ደግሞ በ2023 ባወጣችው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ቁጥር 7/2023፣ እንስሳ የማይቀበል ቤት ያንን ከውጭ በሚታይ ምልክት እንዲያሳውቅ አዛለች። ይህ ስፔን ያደረገችው ነገር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ፣ ድመቱን ተሸክሞ፣ ገብቶ ተሸማቅቆ ከመውጣት ይድናል። አሜሪካ ላላችሁም ልጥቀስ፤ በካሊፎርኒያ በ2014 የወጣው ሕግ ከቤት ውጭ ባለው መቀመጫ እንስሳ ይግባ ሲል የጠራው ውሻን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ነው ድመትን ያስረሳት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በብዙ ቦታ በሩን የሚዘጋው ባለቤቱ እንጂ ሕጉ አይደለም። ባለቤቱ መከልከል ይችላል፤ ቤቱ የሱ ነው፣ ኪራዩን የሚከፍለውም እሱ ነው። የምለምናችሁ ስትከለክሉ ትክክለኛውን ምክንያት እንድትነግሩን ነው። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ ጠባብ ነው በሉን። አለርጂ ያለባት አስተናጋጅ ካለቻችሁ ንገሩን፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለም። የድመት አለርጂ የሚመጣው ከጸጉሩ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ዋናው አምጪ ግን በድመት ምራቅና ቆዳ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ድመት ራሷን ስትልስ ጸጉሯ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በአየር ይሄዳል። ስለዚህ ድመቱ ቦርሳ ውስጥ ቢሆንም ሰውዬው ሊያስነጥሰው ይችላል። እኔ ከመቀመጤ በፊት አጠገቤ ያለውን ጠረጴዛ እጠይቃለሁ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከነቀነቀ እሄዳለሁ።

ሌላው ስጋት «በሽታ ያመጣል» የሚለው ነው። ነፍሰ ጡር እንግዶች ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን፣ ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ተሕዋስ ይፈራሉ፣ መፍራታቸውም አይገርምም። ይህ ተሕዋስ የሚወጣው በድመት ዓይነ ምድር ነው። ድመቷ መጀመሪያ ስትያዝ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ታወጣዋለች፤ የወጣውም ቢሆን ሰው ለመያዝ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ነው። በቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ሁለት ጠረጴዛ ርቆ ከሚገኝ ድመት ማንም አይያዝም። በደንብ ያልበሰለ ሥጋና ያልታጠበ አትክልት ግን ያሲዛሉ። ይህን ስል ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሰዎች መሆናችንን ሳልዘነጋ ነው።

እኛ ያደግንበት ቤት እዚህ ካለው ተገልብጦ መገኘቱን ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አገር ቤት ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው። ድመት ግን ምድጃ ዳር ናት፤ ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቅ፣ ብርድ ሲሆን ከእናቴ ነጠላ ሥር የምትገባ። «ውሮ ውሮ» ስትባል ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ እግር ላይ ትተሻሻለች። ሥጋ ቤት ገብቶ ጥብስ ያዘዘ ሰው ጠረጴዛው ሥር ድመት ቢያይ አጥንት ይወረውርላታል እንጂ ባለቤቱን አይጠራም። ሙስሊም ወገኖቻችንም ድመትን ንጹሕ አድርገው ነው የሚያዩዋት። አውሮፓ ስንመጣ ውሻ ገባ፣ ድመት ወጣች። የዚህን አገር ልማድ መውሰዳችንን አልነቅፍም፤ ከቤታችን ያመጣነውን ጭምር ረስተን ለድመት እንግዳ መሆናችን ግን ያሳዝነኛል።

ይህ አገርም ቢሆን ድመትን ከወይን ጋር ያስተሳሰረበት ቦታ አለው። እዚህ ጀርመን፣ ሞዝል ወንዝ ዳር ጼል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የወይኗ ስም «ሽቫርጸ ካጽ»፣ ጥቁር ድመት ነው። እንደሚተረከው በ1863 ከአኸን ከተማ የመጡ የወይን ነጋዴዎች አንድ ምድር ቤት ገብተው እየቀመሱ የትኛውን በርሜል እንደሚገዙ መወሰን ያቅታቸዋል። የቤቱ ጥቁር ድመት አንዱ በርሜል ላይ ዘልላ ወጥታ ጀርባዋን ቆልምማ፣ ጸጉሯን አቁማ፣ የሚጠጋውን ሁሉ ትቆጣለች። ነጋዴዎቹም ይህን ያህል የምትጠብቀው ቢበልጥ ነው ብለው ያንን ገዙ። ዛሬ ከተማው መሃል ድመት የቆመችበት የውሃ ፏፏቴ አለ፣ ጠርሙሶቹም ላይ ጥቁር ድመት ተሥላለች።

ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው፣ ቡሬን ይዤ እዚያ ሄድኩ። በዶይቸ ባን ባቡር ድመት በተዘጋ ሳጥን ወይም ቦርሳ እስካለች ድረስ ትኬት አትከፍልም። ኮብሌንጽ ላይ ባቡር ቀይረን ቡላይ ወረድን፤ ከዚያ አውቶቡስ ነው። የገባሁበት ወይን ቤት ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያለው፣ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ ነው። ባለቤትዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ቦርሳውን ሲያዩ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ከምድጃው ራቅ ያለውን፣ ጀርባው ግድግዳ የሆነውን የጥግ ጠረጴዛ አሳዩኝ፤ ሁለተኛ ወንበር አምጥተው አጠገቤ አስጠጉና ቦርሳውን እዚያ ላይ እንዳኖረው በእጃቸው ጠቆሙኝ፤ መሬት ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ። ይህን የሚያደርግ ድመት የሚያውቅ ሰው ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ድመት የሚያየው ሁሉ ጫማ ነው፣ ይጨነቃል፤ ከፍ ሲል ይረጋጋል። ትንሽ ቆይተው አንድ የቡና ስኒ የምታህል ሳህን ውሃ አመጡ። ቡሬ አፍንጫውን በመረቡ ላይ አሳርፎ አያቸውና ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። እኔ ያን ማታ ሁለት ብርጭቆ ሪዝሊንግና አንድ ሳህን አይብ በላሁ፣ ስድስት ጠርሙስ ገዝቼ ተመለስኩ። ያን ቤት ለስንት ሰው እንደነገርኩ አልቆጠርኩትም።

ሊዝበን ላይም ጥሩ ገጥሞኛል። አልፋማ ዳገት ላይ በሚገኝ ወይን ቤት በር ላይ የውሻና የድመት ሥዕል ያለው ምልክት ተለጥፎ አየሁ። ሁለቱም ተሥለዋል። አንድ ሰው ያቺን ትንሽ የድመት ሥዕል ለመጨመር ያሰበ መሆኑ ብቻ ደረጃው ላይ ቆሜ ደስታዬን አብዝቶታል። ገብቼ መፍቀዳቸውን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ወንበር ብቻ ጠየቅሁ።

ቬኒስ ግን ሌላ ነው፤ ድመት ይዛችሁ የምትሄዱ ስሙኝ። ባካሮ የሚባሉት የቬኒስ ወይን ቤቶች የሚወደዱ ናቸው። ሰው ኦምብራ የሚሏትን ትንሽ ብርጭቆ ወይን ይዞ ከባንኮኒው ላይ ትናንሽ ቁራሾች እያነሳ ቆሞ ይበላል። ችግሩ ቆሞ መብላቱ ላይ ነው። ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ነው፣ ቦርሳችሁን ክርናቸው ይመታዋል፣ ምግቡም ያለ ክዳን እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው። እዚያ ድመት ማስገባት ለማንም አይበጅም። ቡሬን ይዤ ከውጭ ቦይ ዳር ተቀምጬ ጠጣሁ፣ ማንም አልከለከለኝም፣ እኔም መግባት አልፈለግሁም።

ቪየና ላይ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነበር። ቪየና ዙሪያ ሆይሪገር የሚባሉ ቤቶች አሉ፤ ወይን አብቃዩ የራሱን የዘንድሮ ወይን በግቢው ውስጥ የሚሸጥባቸው። መብቱን የሰጣቸው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በ1784 ነው። ቤቱ ክፍት ሲሆን በሩ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ይሰቅላሉ። ይህን ሳይ የጠላ ቤታችን በእንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ትዝ አለኝ፤ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ያለ ጽሑፍ «ግቡ፣ አለ» የሚባባሉበት መንገድ አንድ መሆኑ ገረመኝ። ልቤ በዚህ ተይዞ ጥንቃቄዬን ላላ አደረግሁ። ግቢው ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፣ ቡሬም ተኝቷል፤ ውሃ ልስጠው ብዬ ዚፑን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት አንዱ አስተናጋጅ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ጣለ። ቡሬ ክንዴን ቧጥጦ ወጣና ጠፋ። 40 ደቂቃ ፈለግነው። እንግዶቹ ሳይቀሩ ወይናቸውን ትተው በየአበባው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉልኝ። የተገኘው አንድ አሮጌ የወይን መጭመቂያ ሥር ነው፤ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። ሆዴ ላይ ተኝቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ስሙን እየጠራሁ ሩብ ሰዓት ቆየሁ። ሲመጣ ልቡ በመዳፌ ላይ ይመታ የነበረው አመታት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባል የለ? አሥር ዓመት የተረጋጋ ድመት በአንድ ድምፅ አውሬ ይሆናል። ሰው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል፤ ድመት ከ60 ሺህ በላይ የሚሆነውን ትሰማለች። ለእኛ ብርጭቆ ተሰበረ የሚባለው ለሷ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡሬ ቦርሳው ውስጥም ሆኖ የደረት ማሰሪያ አድርጎ ነው፤ ማሰሪያው በአጭር ገመድ ከቦርሳው ውስጠኛ ቀለበት ጋር ይያያዛል። ሁለቱን ዚፖች በመቆለፊያ አያይዛቸዋለሁ። በአንገት ማሰሪያ ብቻ አትመኑ፤ ድመት ወደ ኋላ ስትስብ ጭንቅላቷ ይወጣል።

ለናንተ ለባለቤቶቹ ደግሞ ከዓይናችሁ ሊያመልጥ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እሱም አበባ ነው። ብዙ ወይን ቤት ባንኮኒው ላይ ትልቅ የሊሊ አበባ ማሰሮ ያስቀምጣል፤ ያምራል፣ ይሸታል። ሊሊ ለድመት ገዳይ ነው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ብናኙ፣ የቆመበት ውሃ ሳይቀር ኩላሊቷን ይጨርሳል። ብናኙ ጸጉሯ ላይ ቢወድቅና ብትልሰው እንኳን በቂ ነው። ድመት የምትቀበሉ ከሆነ ሊሊውን በሌላ አበባ ለውጡት፤ መለወጥ ካልሆነም ሩቅ አስቀምጡን። ከጠረጴዛ ላይ ምግብ እንዳትሰጡልንም እለምናለሁ፤ በተለይ የኛ ቤቶች ደግነታችሁ ብዙ ነው፣ ጉርሻ ልማዳችን ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለሱ አይሠራም። ወይን ፍሬና ዘቢብም አይሰጥ። ወይን ጠጁን ጣቱ ላይ ነክሮ ሊያስልሳት የሚሞክር እንግዳ ካያችሁ አስቁሙት፤ በዚያች ትንሽ ሰውነት ጥቂት አልኮልም ብዙ ነው።

ድመት ይዛችሁ ለምትጓዙ ሁለት ነገር ልጨምር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ድመት ለመሻገር ማይክሮችፕ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የእንስሳት ፓስፖርት ያስፈልጋታል፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ 21 ቀን ይጠበቃል። ይዛችሁ ወደ ኢትዮጵያ ለበዓል የምትሄዱ ግን አስቀድማችሁ አስቡበት። ኢትዮጵያ ኅብረቱ በቀላሉ ከሚቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ድመቷ ስትመለስ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ትጠየቃለች። ምርመራውን ከአውሮፓ ሳትወጡ አስደርጋችሁ ፓስፖርቷ ላይ ካስጻፋችሁ መመለሱ ይቀላል። ካላስደረጋችሁ ደሟ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ተወስዶ፣ ከዚያ ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሰሙ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሁለተኛው ኢንሱሊን ለሚወጉ ነው። ለእንስሳት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ነው፣ የሰው ደግሞ 100። መርፌው በጉዞ ላይ ቢጠፋባችሁ ከሰው ፋርማሲ ባለ 100 መርፌ ገዝታችሁ በዚያው መስመር እንዳትለኩ፤ መጠኑ ይፋለሳል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በራችሁ ላይ «ውሻ ይገባል» ብላችሁ ከለጠፋችሁ፣ ድመት የምትቀበሉ ከሆነ «ድመትም» የሚለውን ጨምሩበት። የማትቀበሉ ከሆነም ጻፉት፤ አንከፋም፣ ደረጃውን ሳንወጣ እናልፋለን። ስልክ ደውለን ስንጠይቅ «ኑ» ወይም «አይመቸንም» የሚል አንድ ቁርጥ መልስ ስጡን። ከተቀበላችሁን ከበሩና ከባንኮኒው የራቀ አንድ ጥግ ይበቃናል። ጠረጴዛ ላይ አናስቀምጣትም፤ ከቦርሳዋ አናወጣትም፤ የምትጠጣበትን ሳህን ይዘን እንመጣለን፤ ካለቀሰች እኛው ይዘናት እንወጣለን። ይህን የማያደርግ የድመት ባለቤት ከመጣባችሁ አስወጡት፤ እኔም ከጎናችሁ ነኝ።

ያን ማክሰኞ ማታ ለመለሱኝ ወንድሜ፦ ይህን ካነበቡ እንደሚያውቁኝ አልጠራጠርም። አላዘንኩብዎትም። ምናልባት የጤና ጽሕፈት ቤት ሰው አስጨንቆዎት ይሆናል፤ ባዕድ አገር ንግድ ከፍቶ መሥራት ምን ያህል ፍርሃት እንዳለበት አውቃለሁ። በጥቅምት መጨረሻ በዚያው መንገድ አልፋለሁ። ከመምጣቴ በፊት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሳይበዛብዎት እደውላለሁ። ውሻው የተኛበት ጠረጴዛ አይደለም የምፈልገው፤ ጀበናው ካለበት መደርደሪያ ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ ጠረጴዛ ትበቃናለች።

አክባሪያችሁ፣
የቡሬ ባለቤት፣ ከፍራንክፈርት